ዘጠኙ ሠልጣኞች የት ይውላሉ?

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2005

ጠዋት ሌቭል ሁለቶችን የሸሚዝ ኪስ አስተማርኩ። ሁለት የስፌት መኪና እንደተበላሸ ነው። ልጆቹ በአንድ መኪና ሦስት ሦስት ሆነው ተራ ይጠብቃሉ።

ከሰዓት ስብሰባ። ዲናችን አቶ ማሙሸት የትብብር ሥልጠናውን ነገር አመጡ። ዘንድሮ ማንም ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ብቻ ተምሮ አይመረቅም፤ ከግማሽ በላዩን ሥራ ቦታ ላይ፣ ከባለሙያ ጋር ይሠራል ተባለ። የስፌት ሠልጣኞች ሃያ ናቸው። አስራ አንዱን አንድ ፋብሪካ ተቀብሏል። የቀሩትን ዘጠኝ መርካቶ ውስጥ የማስገባው እኔ ነኝ። "ፋናዬ ታውቅበታለች" አሉ በሰው ፊት።

ምኑን ነው የማውቅበት? የዛሬ ሁለት ዓመት ሠልጣኞቼን እነ ሪሃናን አንድ ስፌት ቤት ልኬ ሁለት ወር ሙሉ ወለል ሲጠርጉና ጥቅል ጨርቅ ሲሸከሙ ከረሙ። መኪና ያስነካቸው የለም። የሲኦሲ የብቃት ፈተናውን ሁሉም ወደቁ። ሪሃና ውጤቷን አይታ ምንም አላለችኝም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

ከዚያ ወዲህ ባለቤት አላምንም። የውል ቅጹ ላይ ሁለተኛ ገጽ የጨመርኩትም ለዚሁ ነው። ስንት ሠራተኛ አለ? ስንት መኪና? ቤቱ በማን ስም ነው? ኪራዩ ስንት ነው? የቀን ገቢስ? ሰውየውን ሳላውቅ ልጅ አልሰጥም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ከሲኒማ ራስ እስከ ተክለ ሃይማኖት አስራ አንድ ስፌት ቤት ገባሁ። የፈረመ የለም።

ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንደኛውን ገጽ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያነባሉ። ሁለተኛውን ሲገልጡ ስልክ ይደወልላቸዋል፤ ወይም ባለቤቱ እኔ አይደለሁም ይላሉ፤ ወይም ከገና በኋላ ተመለሽ።

እትዬ ሠርኬ ብቻ ናቸው እስከ መጨረሻው ያነበቡት። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ኮትና ሱፍ የሚሰፉ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ሴትዮ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ አጥፈው መለሱልኝ። ልጆች ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል፣ ወረቀት ግን አልፈርምም አሉ። ለምን አልኳቸው።

"ይኼ ወረቀት ከእጅሽ ወጥቶ የት እንደሚያድር ታውቂያለሽ?"

ኮሌጅ ነዋ የሚቀመጠው አልኩ። ውሸታም እንደሚያዩ አዩኝ።

እኔም አየኋቸው። የሚደብቁት ነገር ባይኖር ኖሮ ምን ያስፈራቸው ነበር?

ዓርብ፣ ኅዳር 7

አንዱ ፈረመ!

ከሲኒማ ራስ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ። ጋሽ ሀምዳን ይባላሉ። የስልጤ ሰው፣ ስድሳን የተሻገሩ፣ ሜትራቸው ከአንገታቸው የማይወርድ። ሁለቱንም ገጽ ሳያመነቱ ሞሉ። አራት መኪና፣ ሦስት ሠራተኛ፣ ቤቱ በራሳቸው ስም። ስንት ልጅ ልላክልዎ ስላቸው "ስንት አሉሽ?" አሉኝ። ዘጠኝ አልኩ።

"ዘጠኙንም ላኪያቸው።"

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ጋሼ፣ አራት መኪና እኮ ነው ያለዎት አልኳቸው። እሱን ለእኔ ተይው አሉ።

አመስግኜ ወረድኩ። ደረጃው መሀል ላይ ግን ቆምኩ። አስራ አንድ ሰው የሸሸውን እሳቸው ለምን ይሻሙታል? በነፃ የሚሠራ አስራ ስምንት እጅ... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ዘጠኝ። በአራት መኪና።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ልጆቹ ጀመሩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጋሽ ሀምዳን ጋ፤ ረቡዕና ዓርብ ክፍል።

ግምገማው ላይ አቶ ማሙሸት ስሜን ጠርተው አመሰገኑ። ዘጠኝ ከዘጠኝ፣ መቶ በመቶ። አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ጭብጨባው የተበደርኩት ዕቃ መሰለኝ። ሰውየው ምን ፈልገው ነው?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ሳልናገር ስፌት ቤቱ ሄድኩ። ሁለት ልጆች ብቻ! ሰባቱስ?

ክር ሊገዙ ወርደዋል አሉ ጋሽ ሀምዳን። ሰባት ሰው ክር ሊገዛ? አንድ ሰዓት ተኩል ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። የመጣ የለም። የሁሉም የመከታተያ ደብተር ግን ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። የሰኞም የማክሰኞም ተፈርሟል። ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ።

ደብተሮቹን ሳገላብጥ እሳቸው ከመኪናቸው ቀና አላሉም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ዛሬም ሁለት። ዛሬ ደግሞ ቁልፍ ሊያመጡ ነው የሄዱት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ክፍል ውስጥ የኮት ኮሌታ አሳየሁ። ኮሌታ ላይ እኔም ጎበዝ አይደለሁም፤ ጫፉ ሁልጊዜ ይጎብጥብኛል። ከዘጠኙ አንዷ፣ ሜሪ፣ ከኋላ ተነሥታ መጣች። ቲቸር፣ የውስጡን ጨርቅ ትንሽ አሳጥረው ቢቆርጡት ራሱ ይተኛል አለችኝ። ቆርጣ ሰፋችው። ተኛ። 

ጋሽ ሀምዳን የሚሰፉት የተማሪ ሱሪና ሸሚዝ ነው። ኮት ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ይኼን ከየት አመጣችው?

ከክፍል በኋላ ለብቻዋ ጠራኋት። የት ነው የምትውይው ስላት፣ "ጋሽ ሀምዳን ጋ ነዋ ቲቸር" አለች። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንዲህ መዋሸትን ማን አስተማራት?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

እንደ ሌባ ተደብቄ ዋልኩ። የምጽፈው ለራሴ ስለሆነ ልጻፈው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፎቁ ትይዩ ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ አወረድኩ። ዘጠኙም አንድ በአንድ ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሰባቱ ተመልሰው ወረዱ። ጋሽ ሀምዳንም አብረው ወረዱ። በሦስት ተከፈሉ። ሜሪና ጽጌሬዳ ወደ ተክለ ሃይማኖት አቅጣጫ። ተከተልኳቸው። አንድ ጋሪ የጆንያ ክምር ጭኖ መሀላችን ገባ፤ ሲያልፍ የሉም።

ተመለስኩ። ፎቁ ሥር አንድ ጎልማሳ ለጋሽ ሀምዳን ጥቅል ብር ሰጣቸው። ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

ስለዚህ ገባኝ። ልጆቹን እያከራዩ ነው። በእኔ ፊርማ የወሰዷቸውን ልጆች በልጅ ቁጥር እየተከፈላቸው ለሌላ ይሰጣሉ። ሪሃናን አስታወስኩ። ሁለተኛ አልታለልም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። "ድርጅቱ የተረከባቸውን ሠልጣኞች ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ በመስጠት ያልተገባ ጥቅም እያገኘ መሆኑን በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ።" አረጋግጫለሁ የሚለው ላይ ትንሽ ቆምኩ። ቃሉን ግን አልለወጥኩትም።

አቶ ማሙሸት ቆመው አነበቡት። ባለፈው ወር በጋሽ ሀምዳን ምክንያት ያስጨበጨቡልኝ ሰውዬ፣ "ኪራይ ሰብሳቢነት ማለት ይኼ ነው" አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። የወሩ ሪፖርት ላይ የሚገባ ነገር አገኙ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 18

የኮሌጁ ኮሚቴ ሄዶ ውሉን አፈረሰ። እኔ አልሄድኩም፤ ክፍል አለኝ ብዬ ቀረሁ። የሄዱት እንደነገሩኝ ጋሽ ሀምዳን ደብተሮቹን አስተካክለው፣ በላስቲክ ጠቅልለው አስረከቡ። ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያይ ነበር።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 21

ትክክል ነው የሠራሁት። ታዲያ ለምንድን ነው እንቅልፍ እምቢ የሚለኝ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ዘጠኙ ሥራ ፈተው ኮሌጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ሜሪ ቢሮ መጣች። ቆማ ነው ያወራችኝ፤ ተቀመጪ ብላትም እምቢ አለች።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ጋሽ ሀምዳን አላከራዩንም አለች። ከሠራተኞቻቸው የሚተርፈው መኪና የሚበቃው ለሁለት ሰው ነው። ሰባታችንን በሦስት ስፌት ቤት ደለደሉን። ቤቶቹ ልጅ ማስተማር ይፈልጋሉ፣ ወረቀቱን ግን ይፈራሉ፤ ስለዚህ እሳቸው በስማቸው ፈረሙላቸው። ማታ ማታ ሦስቱ ጋ እየዞሩ ምን እንደሠራን ጠይቀው ደብተራችንን ይሞላሉ።

ብሩስ አልኳት። የታክሲያችንና የምሳችን ነው አለች። ሦስቱ ቤቶች ያዋጣሉ፣ እሳቸው ይሰጡናል።

ጠይቄሽ ዋሽተሽኛል አልኳት። 

"እውነቱን ብነግርዎት ይጽፉት ነበር፣ ቲቸር።"

ወጣች።  እጽፈው ነበር።

ግን ደግሞ... እውነቷን ነው? አስጠንተዋት ቢሆንስ? ነገ ራሴ አያለሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 23

ሜሪ የጠቆመችኝ ቤት የእትዬ ሠርኬ ነው። ያ ቅጹን አጥፈው የመለሱልኝ ሴትዮ!

ስገባ አወቁኝ። ሥራቸውን አላቋረጡም። ግድግዳው ላይ ያልተጨረሱ ሁለት ኮቶች ተሰቅለዋል። አንዱ የሜሪ እጅ ነው አሉኝ። ሌላኛው የጽጌሬዳ ነው፤ እሷ ቀስ ትላለች፣ ግን አትሳሳትም። ገልብጬ አየሁት። አስራ ሁለት ዓመት አስተምሬ እንደዚያ ያለ የኮት ውስጥ ሰፍቼ አላውቅም።

ታዲያ ለምን አልፈረሙልኝም አልኳቸው። ያን ጊዜ መኪናቸውን አቆሙ።

ሱቁ በሟች እኅታቸው ስም ነው። የቀበሌ ቤት። እኅታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ፤ ስሙ አልዞረም። "ቤቱ በማን ስም ነው" የሚለው ላይ እውነት ብጽፍ ቤቱን አጣለሁ፣ ውሸት ብጽፍ በፊርማዬ እጠየቃለሁ አሉ። ሌላኛው ስፌት ቤት ከሌላ ተከራይ ላይ የተከራየ ነው። ሦስተኛው ገቢውን ለአስተማሪ መናገር አይፈልግም። ማን ይፈልጋል?

"ኮት መስፋት ለማስተማር ኪራዬን ማወቅ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ።

 ያን ገጽ የጻፈው መንግሥት ነው ብዬ ማመካኘትም አልቻልኩም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጆቹን እጠብቅበታለሁ ብዬ...

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

ሦስቴ ደረጃው ሥር ደርሼ ተመለስኩ። በአራተኛው ወጣሁ።

ጋሽ ሀምዳን ዩኒፎርም እየቆረጡ ነበር። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር፤ በርጩማ አቀረቡልኝ። ለምን እንዳደረጉት ጠየቅኳቸው። በየክረምቱ የትምህርት ቤት ሥራ ሲመጣ ሰፊ ይጠፋል፤ ሠርተፊኬት ይዞ የሚመጣው ዚፕ መግጠም አይችልም፤ ጎረቤቶቼ ሁሌ ያማርራሉ፤ እኔ ደግሞ መዝገቤ የጠራ ስለሆነ ወረቀት አያስፈራኝም አሉ። ሌላ ምክንያት የላቸውም። እኔ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ነበር።

በኮሚቴው ቀን በረንዳ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ኪራይ ሰብሳቢ የሚለውን ሰምቷል። አንድ ትምህርት ቤት ለሚቀጥለው ክረምት የያዘላቸውን ትእዛዝ እስኪጣራ ብሎ አቁሞታል። ይኼን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ሠራተኛቸው ናት።

ልነሣ ስል ነው የተናገሩት።

"ያን ቅዳሜ ሻይ ቤት ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። ትወጪያለሽ ብዬ ጠብቄሽ ነበር።"

ነጠላዬን ተከናንቤ... አይተውኛል። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ጊዜ ወጥቼ ጠይቄ ቢሆን ይነግሩኝ ነበር ወይ አልኳቸው። አሰቡ። "እኔንጃ" አሉ። "አንቺም ስም የምትመዘግቢ ሰው ነሽ።"

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ቤቴ ዋልኩ። የማስተባበያ ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሦስቱ ራሴን የሚከላከሉ ሆኑብኝ። ቀደድኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 2

ደብዳቤውን ለአቶ ማሙሸት ሰጠሁ። ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፣ ይኼን ነገር አትነካኪው አሉ። ለአንቺ ብዬ ነው አሉ። ለእኔ ይሆን ለራሳቸው?

ከሰዓት ግምገማው ላይ እጄን አወጣሁ። ቆሜ አነበብኩት። ያላረጋገጥኩትን አረጋግጫለሁ ብዬ ጽፌአለሁ፤ ሰውየው ያገኙት ጥቅም የለም፤ ሁለተኛው ገጽ በመመሪያ የተጠየቀ አይደለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ አሠሪዎቹን ያባረረው እሱ ነው፤ ይነሣ። ያጨበጨበ አልነበረም። ተቀመጥኩ።

ሐሰተኛ ሪፖርት በማቅረብ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ከአስተባባሪነቱም ተነሣሁ። ገጹ ግን ይነሣ ተባለ። አቶ ማሙሸት ራሳቸው ናቸው ያሉት፤ ሥራ ቦታ የተመደበው ሠልጣኝ ቁጥር ጎድሏቸዋል።

ለጋሽ ሀምዳንም ለትምህርት ቤቱም ከኮሌጁ ማኅተም ጋር ደብዳቤ ይጻፍ ብዬ ለመንኩ። ይታያል አሉ። ይታያል ማለት ምን ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ጥር 15

እትዬ ሠርኬ ፈረሙ። አንዲቱን ገጽ። ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን አዙረው ጀርባውን አዩ፤ ባዶ መሆኑን እስኪያረጋግጡ። ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሏቸው። ልጆቹ ነገ ይመለሳሉ። ጋሽ ሀምዳን ጋ የነበሩትን ሁለቱን ደግሞ እትዬ ሠርኬ ደርበው ያዙ። አዲሱ አስተባባሪ ወጣት ነው፤ አብሬው እንድሄድ የለመነኝ እሱ ነው።

ጋሽ ሀምዳን ጋ አልገባንም። ስማቸው አሁንም ኮሌጁ ያገዳቸው አሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ስምንት ናቸው የተመለሱት። ጽጌሬዳ የለችም።

ሜሪን ጠየቅኳት። ሥራ ፈት በሆኑባቸው ሳምንታት አንድ ደላላ አግኝቷታል። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ቤሩት ልትሄድ ነው። እነ ጽጌሬዳ ቤት ሄድኩ። እናትየው አሉ፤ እሷ የለችም። ከትናንት በስቲያ በርራለች።

እናቷ ውሃ ሰጡኝ። ልጄ ስለ እርስዎ ታወራ ነበር አሉኝ። ምን እንደምታወራ አልጠየቅኩም።

ቀስ ትላለች፣ ግን አትሳሳትም...

ዓርብ፣ የካቲት 22

የኮሌጁ ደብዳቤ በመጨረሻ ተፈረመ። ስምንቴ ተመላልሼ። አንዱን ቅጂ ራሴ ትምህርት ቤቱ ድረስ ወስጄ ለርእሰ መምህሩ ሰጠሁ። አነበበ፣ ፋይል ውስጥ አስገባ፣ ትእዛዙን ግን ለሌላ ሰፊ ሰጥተናል አለ። የጋሽ ሀምዳንን ቅጂ በሠራተኛቸው በኩል ላክሁ። ፊት ለፊት ለመስጠት አቅም አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12

የሲኦሲ ውጤት ወጣ። ስምንቱ ተፈትነው ሰባቱ አለፉ። ሜሪን እትዬ ሠርኬ በደመወዝ ቀጥረዋታል።

በቀጥታ ወደ ሲኒማ ራስ ሄድኩ። ዛሬ ደረጃው ሥር አልቆምኩም። ጋሽ ሀምዳን ብቻቸውን ነበሩ፤ ከአራቱ መኪና ሁለቱ ጨርቅ ለብሰዋል። ውጤቱን ነገርኳቸው። እያንዳንዷን በስሟ ጠየቁኝ። አንድም አልረሱም። ጽጌሬዳ ጋ ሲደርሱ የሆነውን ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም። መቀሱን አስቀመጡ። አላህ ይጠብቃት አሉ።

ከዚያ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ልጅ ላኪልኝ አሉ። ሁለት ብቻ። እኔ እኮ አሁን አስተባባሪ አይደለሁም አልኳቸው፤ ላኪዋ እኔ አይደለሁም።

"ታዲያ ዛሬ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

ውጤቱን ልነግርዎት አልኩ። ሌላ ነገር ይኖረዋል ብለው ይሆን እንጃ፣ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ አንድ ክምር ሸሚዝና የቁልፍ ቆርቆሮ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ሰው የለኝም፣ ጊዜ ካለሽ አሉ።

እስከ አስር ሰዓት ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። ማን እንደሆነና ምን ይዞ እንደወረደ አላየሁም።